ልጓሙና መሸኛው

«ከየት ነው የመጣሽው?» ብሎ ለጠየቃት ከንቲባ «ከግብጽ፤ አንተ ከምታድርበት» ብላ የመለሰች አንዲት ሠራተኛ አለች። ታሪኳን ካነበብኩት ቆይቷል፤ መልሷ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ስለ ሌሎች ኩዌከር ሴቶች ሳነብም (ኩዌከሮች በእንግሊዝ የተነሱ፣ ካህን የሌላቸው ክርስቲያኖች ናቸው) ዞሬ ዞሬ እሷ ጋ እመለሳለሁ።

ስሟ ዶሮቲ ዎ ነው። በሰሜን እንግሊዝ በሰው ቤት ስታገለግል ኖራ ኩዌከር የሆነች ሴት ናት። በ1655 (ዓመቶቹን ሁሉ የማስቀምጠው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሴፕቴምበር መጨረሻ ገደማ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ካርላይል ከተማ ገበያ መሐል ካለው መስቀል ላይ ቆማ ሰበከች። ጎትተው አወረዷትና አሰሯት። ከንቲባው ከየት እንደመጣች ጠየቃት፤ እሷም ያንን መለሰችለት። ግብጽ የባርነት ቤት መሆኗን እሱም አላጣውም። የብረት ልጓም አስመጣ።

ልጓሙን የምናውቀው ራሷ በጻፈችው ምስክርነት ነው፤ በዓመቱ ታትሟል። እንደ ብረት ቆብ ራስ ላይ የሚጠለቅ ነገር ነው። ከፊቱ ሦስት የብረት ዘንጎች ይወርዳሉ፤ አንድ ቁራጭ ብረት ደግሞ አፍ ውስጥ ይገባል። የከተማው ሰዎች ራሳቸው እንደነገሯት ክብደቱ 14 ፓውንድ፣ ማለትም ከ6 ኪሎ በላይ ነበር። ባርኔጣዋ በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ ስለነበር ሲመነጭቁት ልብሷ ተቀደደ። ልጓሙን ጭንቅላቷ ላይ ቆልፈው፣ እጇን የኋሊት አስረው፣ ሦስት ሰዓት ያህል አቆሟት። የእስር ቤቱ በረኛ እሷን ለማየት ከሚገባው ከእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ፔኒ ይቀበል ነበር። ኋላም ልጓሙ እንዳለባት እየገረፉ ከአንዱ ጸጥታ አስከባሪ ወደ ሌላው እያስተላለፉ ከከተማ አስወጧት።

አሁን 98 ዓመት ወደፊት እንሂድ። በ1753 ካትሪን ፔይተን የምትባል የ26 ዓመት ያላገባች ሴት ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ተሳፈረች። እሷም ኩዌከር ናት፤ እሷም የምትሄደው ለመስበክ ነው። በአፏ ብረት የለም። ዕቃዋ ውስጥ ግን አንድ ወረቀት አለ። እኛ ቀበሌ ስንቀይር ከቀድሞው ቀበሌ የምናወጣውን ወረቀት የሚያውቅ ሰው ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል፤ መሸኛ ነው። ይህች ሴት የእኛ ናት፣ ጠባይዋን እናውቃለን፣ የምትሄደው በፈቃዳችን ነው፣ ተቀበሏት ይላል።

የሚከነክነኝ ይህ ነው። ከልጓሙ ወደ መሸኛው ያደረሰው መንገድ ምን ዓይነት ነው? ደግሞስ መሸኛው ራሱ የሰለጠነ ልጓም ቢሆንስ?

አንቱታን እምቢ ያሉ

ዶሮቲ ለከንቲባው «አንተ» ማለቷን ልብ በሉልኝ። በዚያ ዘመን እንግሊዝኛ ለትልቅ ሰው የሚነገረው በብዙ ቁጥር ነበር፤ እኛ «አንቱ» ወይም «እርስዎ» ስንል ግሡን እንደምናበዛው ማለት ነው። ኩዌከሮች አንድን ሰው እንደ ብዙ ሰው መጥራት ሐሰት ነው፣ እንዲህ ያለው ክብር የሚገባው ለእግዚአብሔር ብቻ ነው ብለው ለልጁም፣ ለዳኛውም፣ ለንጉሡም «አንተ» አሉ። የዛሬው እንግሊዝኛ ልዩነቱን ስለጣለው የዛሬ እንግሊዝኛ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት ማብራሪያ ይፈልጋል። እኛ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ሠራተኛ ከንቲባን «አንተ» ስትለው ቤቱ ውስጥ የሚወድቀውን ዝምታ እናውቀዋለን።

«አንተ» የምትለዋ ቃል በአሜሪካ፣ የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ከተማ በሆነችው በቦስተን ማስረጃ ሆና ቀርባለች። በጁላይ 1656 ሜሪ ፊሸርና አን ኦስቲን ከባርቤዶስ ስዋሎው በምትባል መርከብ ቦስተን ደረሱ። ሜሪ የዮርክሺር የቤት ሠራተኛ የነበረች፣ አን ደግሞ ዕድሜዋ የገፋ የአምስት ልጆች እናት ናት። ምክትል ገዢው ሪቻርድ ቤሊንግሃም ጓዛቸውን አስፈትሾ ወደ መቶ የሚጠጉ መጻሕፍቶቻቸውን አስቃጠለ። ፊቱ ሲቀርቡ አንዷ «አንተ» ስትለው፣ አሁን ኩዌከሮች መሆናችሁን አየሁ አለ። ምርመራው በዚያች ቃል አለቀ። ልብሳቸውን አስወልቀው የጥንቆላ ምልክት ፈለጉባቸው፤ ከሰው እንዳይነጋገሩ የእስር ቤቱን መስኮት በሳንቃ አሸጉት። ኒኮላስ አፕሶል የሚባል አንድ ሽማግሌ በሳምንት አምስት ሽልንግ ለወህኒ አዛዡ እየከፈለ ባያስገባላቸው ኖሮ ምግብም አያገኙም ነበር። ከአምስት ሳምንት በኋላ ወደ ባርቤዶስ መለሷቸው።

እነሱ በተባረሩ በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ መርከብ ስምንት ኩዌከሮችን ይዞ ገባ። አራቱ ሴቶች ናቸው። ከአራቱ አንዷ ዶሮቲ ዎ ነበረች። ካርላይል ላይ ልጓም ከጠለቀላት ዓመት እንኳ አልሞላትም።

ሴት ትሰብካለች ወይ የሚለውን ክርክር እዚህ አላራዝመውም። ከኩዌከሮች መሪዎች አንዷ የሆነችው ማርጋሬት ፌል በላንካስተር እስር ቤት ሆና በ1666 ያሳተመችው ጽሑፍ ነገሩን ጠቅልሎታል። የትንሣኤውን ዜና መጀመሪያ እንዲናገሩ የታዘዙት ሴቶች ናቸው፤ ኢዩኤልም ሴቶች ልጆቻችሁ ትንቢት ይናገራሉ ብሏል፤ ጳውሎስ ዝም ይበሉ ያለው ሥርዓት ላጡት እንጂ መንፈስ ላናገራቸው አይደለም ትላለች። ለእኔ የሚበልጥብኝ የተግባሩ ጉዳይ ነው። እሺ፣ ትስበክ። ማን ያሳፍራታል? የት ታድራለች? ሐሰተኛ አለመሆኗንስ በማያውቋት አገር ማን ይመሰክርላታል?

ያለ መሸኛ የሄዱት

የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ነው የወጡት። በእርግጥ ገንዘብ ነበር። ከ1654 ጀምሮ ማርጋሬት ፌል ያደራጀችው የኬንዳል መዋጮ ለተጓዦቹ ልብስና ጫማ፣ ለታሰሩትም ስንቅ ይሰጥ ነበር። ዳሩ ግን ተነሺ ያላት ትነሳለች፤ ተይ የሚል አካል ገና አልቆመም። ሜሪ ፊሸር ከቦስተን በተባረረች በሁለት ዓመቷ ኤዲርኔ ድረስ ሄዳ የኦቶማኑን ሱልጣን አራተኛ መሐመድን አነጋገረችው። የ16 ዓመቱ ሱልጣን በክብር አዳመጣት፤ ስትመለስም አጃቢ ልስጥሽ አላት። ቦስተን ልብሷን አስወልቃት ነበር።

የሌላዋ ኩዌከር የሜሪ ዳየር ታሪክ ግን እንዲህ አላበቃም። ማሳቹሴትስ በኦክቶበር 1656 ኩዌከር ጭኖ የሚመጣ የመርከብ አዛዥ 100 ፓውንድ እንዲቀጣ አወጀ። በሚቀጥለው ዓመት ጆሮ መቁረጥንና ምላስ በጋለ ብረት መብሳትን ጨመረ። በ1658 ከተባረረ በኋላ የሚመለስ በሞት እንዲቀጣ ወሰነ። ዳየር ተባረረች፤ ተመለሰች። ኦክቶበር 27 ቀን 1659 ከሁለት ወንዶች ጋር ወደ መስቀያው ወሰዷት፤ ሁለቱን ሰቅለው እሷን ምሕረት ተደርጎልሻል ብለው አወረዷት። እንደገና ተመለሰች። ጁን 1 ቀን 1660 ሰቀሏት። በመሰላሉ ላይ ቆማም ወደ ቤትሽ ብትሄጂ ትድኛለሽ ተብላ ነበር፤ እምቢ አለች።

ስለ እነዚህ ሴቶች ሲወራ የሚነሳው ገመዱ ነው፤ ሐውልትም የቆመው ለዳየር ነው። ይገባታል። እኔን ግን በ1662 መጨረሻ እዚያው አሜሪካ፣ ዶቨር በምትባል ከተማ የተጻፈ አንድ ወረቀት የበለጠ ያስተምረኛል። ዳኛው ሪቻርድ ዋልድሮን ለ11 ከተሞች ጸጥታ አስከባሪዎች የጻፈው ትእዛዝ ነው። አን ኮልማንን፣ ሜሪ ቶምኪንስንና አሊስ አምብሮስን ተቀበሉ፤ ከወገባቸው በላይ አራቁታችሁ ከጋሪ ኋላ እሰሯቸው፤ በየከተማችሁ አሥር አሥር ጅራፍ ገርፋችሁ ለሚቀጥለው ከተማ አስረክቡ ይላል። ዲሴምበር ነው፣ ብርዱ የከፋ ነው። ዶቨር ገረፏቸው፤ ሃምፕተን ገረፏቸው፤ ሶልዝበሪ ገረፏቸው። እዚያ ሮበርት ፓይክ የሚባል ሹም ጣልቃ ገብቶ አስቆመው። የቀሩት ስምንት ከተሞች ጅራፋቸውን ሳያነሱ ቀሩ።

ይህን ትእዛዝ ከኋለኛው ዘመን መሸኛ ጎን ባስቀመጥኩት ቁጥር እደነግጣለሁ፤ ቅርጻቸው አንድ ነው። የሴት ስም አለው፤ መንገድ አለው፤ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ «ተቀበሉና አሳልፉ» ይላል፤ በየደረሰበት የሚፈጽመው ሰው አለው። አንዱ ጅራፍን ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚያሻግረው፤ ሌላው እንግዳን።

መሸኛው የመጣው ግን ከአሳዳጆች ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ ከራሳቸው ቁስልም ነው። በኦክቶበር 1656 ከታላላቆቻቸው አንዱ ጄምስ ኔይለር በፈረስ ተቀምጦ፣ ተከታዮቹ በፊቱ እየዘመሩ፣ ክርስቶስ ኢየሩሳሌም እንደገባ አድርጎ ብሪስቶል ገባ። ፓርላማው ምላሱን በጋለ ብረት አስበሳው፤ ግንባሩን በፊደል አስተኮሰው። ማኅበሩ አፈረ፤ ደነገጠ። መንፈስ አዘዘኝ የሚለውን ሰው ሁሉ አዞት እንደሆነ ማን ይመዝናል? ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም እንደሚባለው፣ ለብቻው የሚሰማ ሰው ራሱን ሊያርም አይችልም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ወርኃዊው ጉባኤ፣ የሩብ ዓመቱ ጉባኤና ዓመታዊው ጉባኤ ተዋቀሩ። በ1673 ደግሞ ለንደን ላይ ሰባኪዎች ሰኞ ሰኞ የሚሰበሰቡበት ጉባኤ ተጀመረ። መሸኛ የሚባለው ነገር ሥርዓት የሆነው በዚህ መሐል ነው።

ሸክሙ ጉባኤ ፊት ሲወርድ

አሁን የ1700ዎቹን አካሄድ ላሳያችሁ። ከዚህ ታሪክ የምወደው ቦታ ይህ ነው፤ ልቆይበት።

አንዲት ሴት መጀመሪያ የምትናገረው በራሷ ጉባኤ ነው። ኩዌከሮች ቅዳሴም የተዘጋጀ ስብከትም የላቸውም፤ በዝምታ ይቀመጣሉ፤ ቃል የመጣለት ተነስቶ ይናገራል። ትናገራለች፤ ትቀመጣለች። ሽማግሌዎች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ ያዳምጧታል። አበዛች ወይ? ቃሉ ካለቀ በኋላ ቀጠለች ወይ? ኑሮዋ ከቃሏ ጋር ይሄዳል ወይ? ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይወስዳል። ስጦታዋ እውነተኛ ነው ሲሉ ስሟን ከሰባኪዎች ጋር ይመዘግባሉ፤ ከፊት ለፊት፣ ፊቱን ወደ ሕዝቡ ባዞረው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ደመወዝ የለም፤ ክህነት የለም፤ ትምህርት ቤትም የለም።

ከዚያ አንድ ቀን ወደ አንድ አገር የመሄድ ነገር ይይዛታል። ኩዌከሮች ለዚህ ስሜት የነበራቸው ቃል፣ በእኛ ዘንድ ፕሮቴስታንቶች «ሸክም አለብኝ» ሲሉ ከሚሉት ጋር አንድ ነው። አትናገረውም። ትጠብቃለች። ይለቃት እንደሆነ ታያለች። በሌሊት የመጣ ሐሳብ በቀን ይለቃል፤ ሸክም ግን አይለቅም። ሲከብዳት ለባሏ ትነግራለች፤ ቀጥሎ ለአንድ ሁለት የምታምናቸው ሽማግሌዎች።

ከዚያ ወርኃዊው ጉባኤ ነው። በብዙዎቹ የአሜሪካ መሰብሰቢያ ቤቶች ወንዶችና ሴቶች የሚቀመጡት በየወገናቸው ነው፤ የአምልኮው ክፍል አልቆ የጉባኤው ሥራ ሲጀመር በመሐል ያለው የሳንቃ ከፈፍ ይዘጋና ቤቱ ሁለት ይሆናል። በሴቶቹ ወገን ጸሐፊዋ ሴት ናት፤ መዝገቡን የምትይዘውም ሴት ናት። ባለሸክሟ ትነሳለች። ወደ ካሮላይና፣ ወይም ወደ ባርቤዶስ፣ ወይም ወደ አየርላንድ የመሄድ ነገር ለረጅም ጊዜ እንደከበደባት ትናገራለች። ትቀመጣለች።

ቀጥሎ የሚሆነው ነገር ዝምታ ነው።

እኔ ያ ዝምታ ላይ ነው የምቆመው። ድምፅ አይሰጥም፤ እጅ አይወጣም። እያንዳንዷ ሴት ያን ሸክም አንስታ በራሷ ትከሻ ላይ ትሞክረዋለች። ከብዷት ከተሰማት ተነስታ «አንድነት አለኝ» ትላለች። ካልተሰማትም ትናገራለች፤ ትንሽ ብትቆይ ይሻላል፣ ልጆቿ ገና ናቸው፣ ወቅቱ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? እዚህ ጉባኤ ውስጥ ግን ሎሚው ጌጥ አይሆንም፤ ሸክም እንደሆነ ነው የሚከፋፈለው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጉዞው የእሷ ብቻ አይደለም። የሚዋጣው ገንዘብ፣ የሚጠበቁት ልጆች፣ የሚታለበው ላም ሁሉ በዚያ ዝምታ ውስጥ ይቆጠራል።

ከተስማሙ ሁለት ሰው ይመደባል፤ የቤቷን ሁኔታ አጣርቶ ወረቀቱን ይነድፋል። ነገሩ ወደ ወንዶቹም ወገን ያልፋል። የሚፈረመው በሚቀጥለው ወር ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ አንድ ወር ይሄዳል። ባሕር የሚሻገር ጉዞ ከሆነ ወረቀቱ ወደ ሩብ ዓመቱ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ሰባኪዎችና ሽማግሌዎች ትልቁ ጉባኤ ይወጣል፤ በእንግሊዝ በኩል ለንደን፣ በፔንስልቬንያ በኩል ፊላደልፊያ ማለት ነው። በየደረጃው ያው ዝምታ ይደገማል። በየደረጃውም ሊቀር ይችላል። አንዲት ሴት ሦስት ጊዜ ተመዝና ሦስተኛው ላይ «ጠብቂ» ልትባል ትችላለች። ከመሪ ቀድሞ መሮጥ ይሉታል፤ ትልቁ ስሕተት ያ ነው። የከፋ ግን ሌላ አለ፤ ታዘው ሳይሄዱ የቀሩት። እነዚህ ስጦታቸው እየደረቀ ዓመታት ዝም እንዳሉ በየማስታወሻቸው በምሬት ጽፈዋል።

ወረቀቱ በመንገድ ላይ

ብቻዋን አትሄድም። ጓደኛ ያስፈልጋታል፤ ጓደኛዋም የራሷን ሸክም ለራሷ ጉባኤ አቅርባ የራሷን መሸኛ ማውጣት አለባት። ካትሪን ፔይተን የሄደችው ከአየርላንዷ ሜሪ ፒስሊ ጋር ነው፤ እሷም በ36 ዓመቷ ያላገባች ነበረች። የአትላንቲክ ጉዞ እንደ ነፋሱ ስድስት ሳምንትም ሁለት ወርም፣ ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። መርከብ የሚመረጠውም በዋጋ ብቻ አይደለም፤ ሰባኪዎች ቀደም ብለው ወደ ክፍሉ ገብተው በዝምታ ይቀመጡና በዚያ መርከብ ለመሄድ ሰላም ይሰማቸው እንደሆነ ያዳምጣሉ። ይህ ከመስመጥ አያድንም። የፔንስልቬንያዋ ሱዛና ሞሪስ በስብከት ጉዞዎቿ ሦስት ጊዜ መርከብ ተሰብሮባት ተርፋለች፤ ደግማ ተሳፍራለች።

ፔይተንና ፒስሊ በዲሴምበር 1753 ደቡብ ካሮላይና ቻርልስተን ወረዱ። ከዚያ በፈረስ ነው። ፔይተን በየብስ ብቻ ከ8 ሺህ 700 ማይል በላይ፣ ወደ 14 ሺህ ኪሎ ሜትር መጓዟን ጽፋለች። በ1756 እስኪመለሱ ያለውን ጊዜ አካፍሉት፤ በሽታውን፣ ዝናቡንና ጉባኤ የተቀመጡበትን ቀን ሁሉ ጨምሮ በአማካይ በቀን ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የተቀመጡት ደግሞ ሁለት እግር በአንድ በኩል በሚወርድበት የሴት ኮርቻ ላይ ነው። በካሮላይና ቤት ከቤት በሚራራቅበት ስፍራ ጫካ ውስጥ እሳት አንድደው ያደሩባቸው ሌሊቶች አሉ።

አሠራሩ የዱላ ቅብብል ዓይነት ነው። የአንዱ ጉባኤ ሰዎች አሳድረው፣ አብልተው፣ ፈረሱን ቀልበው፣ መንገድ የሚያውቅ መሪ ሰጥተው ለሚቀጥለው ጉባኤ ያስረክቧቸዋል። መልእክተኛ ቀድሞ በዚህ ቀን እንግዳ ሰባኪዎች ይደርሳሉ ብሎ ይናገራል፤ ጎረቤት ያሉ ኩዌከር ያልሆኑ ሰዎችም ሴት ስትሰብክ ለመስማት ይጎርፋሉ። ስብሰባው ሲጀመር ወይም የጉባኤው ሥራ ላይ መሸኛው ይነበባል። ሲሄዱ ያ ጉባኤ በበኩሉ መጥተው ነበር፣ አገልግሎታቸው ጠቅሞናል ብሎ ማስታወሻ ይሰጣል። ወደ ቤት ሲመለሱ ዋናው መሸኛ ከነማስታወሻዎቹ ለሰጠው ጉባኤ ይመለሳል፤ ይነበባል። መዝገቡ ይዘጋል።

በቀረው ነገር ሁሉ መሸኛው ዝም ይላል፤ ምን እንደሚናገሩ አይነግራቸውም። ሕዝቡ ተሰብስቦ፣ ሁለት መቶ ዓይን እያየ፣ ቃል ካልመጣ ዝም ብለው ተቀምጠው ይነሳሉ። ለወሬ ሲሉ አይናገሩም። ይህ በታሪካቸው ደጋግሞ የተከሰተ ነገር ነው፤ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በጭቃ መጥቶ ዝም ማለት ከመናገር የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል እላለሁ።

ቃሉ ሲመጣ ደግሞ ቀላል አልነበረም። እነ ፔይተን በፔንስልቬንያ የነበሩት የሰባት ዓመቱ ጦርነት ሲጀመር ነው፤ ጦርነትን በእምነታቸው የማይቀበሉት ኩዌከሮች የቅኝ ግዛቱን ምክር ቤት ይመሩ ነበር፤ የጦር ግብር ሊያጸድቁ ነው። ከባሕር ማዶ የመጡት ሰባኪዎች፣ ወንዶቹም ሴቶቹም፣ ሥልጣን ወይም ምስክርነት፣ አንዱን ምረጡ ከሚሉት ወገን ቆሙ። በጁን 1756 ስድስት ኩዌከሮች ከምክር ቤቱ ወንበራቸው ለቀቁ። ሴቶች ስለ ፖለቲካ ምን አገባቸው ያለ አልጠፋም። መሸኛቸው ግን በእጃቸው ነበር።

የማን ፊርማ

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ የሚለውን የእኛን ክፉ ተረት ሳስብ፣ መሸኛው ላይ ባል ፈቅዷል የሚለው ሐረግ ይጎረብጠኛል። ገንዘቡ በወንዶቹ ጉባኤ እጅ ነበር። ለንደን ላይ የሴቶች ዓመታዊ ጉባኤ ሕጋዊ ሆኖ የቆመው በ1784 ነው፤ ያውም ሬቤካ ጆንስን የመሳሰሉ አሜሪካውያን ሴት ሰባኪዎች መጥተው ከእንግሊዛውያኑ እኅቶቻቸው ጋር ከጠየቁ በኋላ። ስለዚህ ወረቀቱ ነፃ አወጣቸው ብሎ መዝጋት አልችልም።

ሌላም አለ። መሸኛው የሚከፍተው በር የማን በር ነው? በባርቤዶስ፣ በቨርጂንያ፣ በካሮላይና ብዙው የኩዌከር ማዕድ በባሪያ እጅ የሚቀርብ ነበር። እንግዳዋ ሰባኪ በዚያ ማዕድ ትቀመጣለች። አሊስ ከርዌን በ1670ዎቹ ባርቤዶስ ላይ ይህን ማለፍ አልቻለችም፤ ባሪያዎቿን ወደ ጉባኤ እንዳይመጡ ለከለከለች ማርታ ታቨርነር ለምትባል ሴት፣ ባሪያዎቼ የምትያቸው እግዚአብሔር ነፃ የሚያወጣቸው ናቸው የሚል ደብዳቤ ጻፈችላት። በ1676 የደሴቲቱ ሕግ ኩዌከሮች ጥቁሮችን ወደ ጉባኤያቸው እንዳያመጡ ከለከለ። የፊላደልፊያው ዓመታዊ ጉባኤ ባሪያ ያላቸውን አባላት እየዞሩ የሚመክሩ ሰዎች የመደበው በ1758 ነው፤ አልለቅም ያለውን ማስወጣት የወሰነው በ1776። ከአሊስ ደብዳቤ መቶ ዓመት ያህል ማለት ነው። በዝምታ መመዘን እውነትን የሚያዘገይበትም ጊዜ አለ፤ ይህንን ሳልናገር ባልፍ ዋሸሁ ማለት ነው።

ታዲያ ልጓም ነው? ይህን ስጠይቅ የምትመጣልኝ ኤልሳቤጥ አሽብሪጅ ናት። በ1713 እንግሊዝ ሚድልዊች ተወለደች። በ14 ዓመቷ ከቤት ጠፍታ አገባች፤ ባሏ በአምስት ወሩ ሞተ። በ1732 ኒውዮርክ ስትደርስ ለዓመታት በውል የምታገለግል ሠራተኛ ሆና ተሸጠች። ሁለተኛው ባሏ ሰለቫን የሚባል አስተማሪ ነው፤ የወደዳት ስትጨፍር አይቶ ነበር። ኩዌከር ስትሆን ዓለም ዞረበት። ደበደባት፤ ጉባኤ እንዳትሄድ ፈረስ ከለከላት፤ በእግሯ ሄደች። አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት፣ ቫዮሊን በሚመታበት ቤት፣ እጇን ይዞ በግድ ሊያስጨፍራት እየጎተተ አዞራት። እንባዋ ወረደ። ቫዮሊን መቺው ያያት ነበር፤ ከእንግዲህ አልመታም፣ ሚስትህን ተዋት ብሎ አቆመ።

በዚያ ዘመን ለእሷ የሚፈርም ሰው ያ ቫዮሊን መቺ ብቻ ነበር። ሰለቫን በኋላ ወታደር ሆኖ ተቀጠረ፤ ኩዌከር ነኝ፣ አልዋጋም ብሎ ተደብድቦ ሞተ። እሷ በ1746 አሮን አሽብሪጅ የሚባል የፔንስልቬንያ ኩዌከር አገባች። በ1753 ወደ እንግሊዝና አየርላንድ የመሄድ ሸክሟን አቀረበች። አሮን ፈቀደ። የጎሽን ወርኃዊ ጉባኤም ተቀምጦ፣ ዝም ብሎ፣ ሸክሙን በየትከሻው ሞክሮ፣ መሸኛዋን ሰጣት። አንዱ ባል ጎትቶ ካዞራት፣ ሌላው ፈቃዱ ወረቀት ላይ ከተጻፈላት መሐል ያለውን ርቀት የምለካበት ሚዛን የለኝም። ሁለቱም ግን ፈቃዱ በባል እጅ የነበረበት ዘመን ናቸው።

አየርላንድ ውስጥ በፈረስ እየተጓዘች ጤናዋ ተቃወሰ። እየታመመችም መስበኳን አልተወችም። በመጨረሻ ካርሎው አውራጃ ኪልኖክ ከሚባል ቦታ አንድ ኩዌከር ቤተሰብ ቤት ደርሳ ተኛች። ቀድሞ አይታቸው የማታውቅ ሰዎች ናቸው፤ በር የከፈቱላት በመሸኛው ነው። አስታመሟት። ሜይ 16 ቀን 1755 በ42 ዓመቷ እዚያው አረፈች። መሸኛዋን በእጇ የምትመልስበት ጉባኤ ከባሕሩ ማዶ ጎሽን ነበር።